ከደም የጠፋው ውኃና ጨው፦ የፈሳሽ ሕክምና ታሪክ ከ1831 ወዲህ

የሰው አካል አብዛኛው ክፍል ውኃ መሆኑ ለጤና ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳ ወንድ በአካሉ ውስጥ ወደ 42 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይይዛል፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው በሕዋሳት ውስጥ፣ ቀሪው አንድ ሦስተኛ ደግሞ ከሕዋሳት ውጭ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ውኃ ባዶ ውኃ አይደለም። ከሕዋሳት ውጭ ባለው ፈሳሽ ሶዲየምና ክሎራይድ ሲበዙ፣ በሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ፎስፌት ይበዛሉ። የልብ ምት፣ የነርቭ መልእክት፣ የጡንቻ መኮማተር፣ የኩላሊት ሥራ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህን ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት የፊዚዮሎጂ ተማሪ እንደ ቀላል ነገር ተቀብሎት ያልፋል። ዕውቀቱ የተገኘበት መንገድ ግን ረጅምና ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ነው። የመንገዱም ትልቁ ክፍል ያለፈው ሰዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደርቀው በሚሞቱበት በኮሌራ ወረርሽኝ መካከል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሌራ ከሕንድ ተነሥቶ በሩሲያና በምሥራቅ አውሮፓ በኩል አልፎ በ1831 መጨረሻ በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ወደብ በሰንደርላንድ ታየ። የዘመኑ ሐኪሞች ስለ በሽታው መንስኤ የሚያውቁት አልነበረም፤ ፊሊፖ ፓቺኒ ቪብሪዮውን በፍሎረንስ በማይክሮስኮፕ ያየው በ1854 ሲሆን፣ ሮበርት ኮህ ደግሞ በግብፅና በካልካታ ያጠናው በ1883 እና በ1884 ነው። ሕክምናው የደም ሥር በጥቶ ደም ማፍሰስ፣ ካሎሜል የተባለውን የሜርኩሪ መድኃኒት መስጠት፣ ኦፒየም ማጠጣትና ማስታወክ ነበር። ፈሳሹ አልቆ ዓይኑ የጎደጎደውን፣ ቆዳው የተሸበሸበውን ሕመምተኛ በላዩ ላይ ደሙን መቅዳት ዛሬ ለሚያየው ከደረቀ ምንጭ እንስራ ለመሙላት እንደ መሞከር ነው። ሐኪሞቹም ደሙ ጠቁሮና ወፍሮ አልወርድ እንደሚላቸው ያስተውሉ ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

ከጠየቁት አንዱ ዊልያም ብሩክ ኦሾነሲ ነው። አየርላንዳዊው ኦሾነሲ ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀ፣ በኬሚስትሪ የሠለጠነ፣ ዕድሜው ገና 22 ዓመት የሆነ ወጣት ነበር። በ1831 ታኅሣሥ ወደ ሰንደርላንድ ሄዶ የሕመምተኞችን ደምና ተቅማጥ መረመረ። ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባጭሩ አሳተመ፦ የኮሌራ ሕመምተኛ ደም ከውኃው ብዙ ክፍል አጥቷል፤ ከጨዎቹም ብዙው ጎድሏል፤ ነጻ አልካሊ የተባለው፣ ዛሬ ባይካርቦኔት የምንለው፣ ከደሙ ጠፍቷል፤ ሽንት በተቋረጠባቸው ሕመምተኞች ደም ውስጥ ዩሪያ ተጠራቅሟል፤ ከደም የጠፋው ሁሉ ደግሞ በተቅማጡ ውስጥ ይገኛል። በእነዚህ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የፈሳሽ መሟጠጥ፣ የአሲድ መብዛትና የኩላሊት መድከም፣ ሦስቱም ተገልጠዋል። ኦሾነሲ የጎደለውን ውኃና ጨው በደም ሥር በኩል መመለስ እንደሚገባም ጻፈ። እርሱ ራሱ ግን በሰው ላይ አልሞከረውም። ከዚያ በኋላ ወደ ሕንድ ሄዶ በሌላ ሥራ ስሙን አስጠራ፤ በሕንድ የመጀመሪያውን የቴሌግራፍ መሥመር ከዘረጉት ዋነኛው እርሱ ነው።

የሊዙ ሐኪም

ሐሳቡን ወደ ተግባር የለወጠው በስኮትላንድ በሊዝ ወደብ ይሠራ የነበረው ቶማስ ላታ ነው። ላታ በ1832 ግንቦት በመጀመሪያ ፈሳሹን በአፍና በፊንጢጣ ለመስጠት ሞከረ፤ ጥቅም አላየበትም። እንዲያውም ትውከቱና ተቅማጡ የባሰ መሰለው። ስለዚህ በደም ሥር በኩል ለመስጠት ወሰነ። የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በዕድሜ የገፋች፣ የዘመኑ መድኃኒት ሁሉ ተሰጥቷት ተስፋ የተቆረጠባት ሴት ነበረች። በክንዷ የደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የጨውና የሶዳ ውኃ በመርፌ ጥቂት በጥቂት ያስገባ ጀመር። በመጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ቆይቶ ግን እስትንፋሷ ተስተካከለ፤ የጎደጎዱት ዓይኖቿ ሞሉ፤ የጠፋው የእጅ ትርታ ተመለሰ፤ ቀዝቅዞ የነበረው አካሏ ሞቀ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ፓይንት፣ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከገባላት በኋላ፣ ምንም የሚያሠቃያት ነገር እንደሌለ በጠራ ድምፅ ተናገረች።

ላታ ሴትዮዋን ለሆስፒታሉ ሐኪም አስረክቦ ለዕረፍት ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትውከቱና ተቅማጡ ተመለሰ፤ ፈሳሹ ግን እንደገና አልተሰጠም። ሴትዮዋ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች። ላታ ለማዕከላዊ የጤና ቦርድ በጻፈውና ላንሴት በ1832 ሰኔ መጀመሪያ ባሳተመው ደብዳቤ፣ ሕክምናው ቢደገም ኖሮ እንደምትድን አለመጠራጠሩን ገልጿል። ለሌላ ሕመምተኛ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ9 ሊትር በላይ እንደ ሰጠና እንደዳነች በዚያው ደብዳቤ ተርኳል።

ዛሬ በከፍተኛ ደረጃ ፈሳሽ ለተሟጠጠበት ጎልማሳ የሚሰጠው በግማሽ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም፣ ቀጥሎም በሁለት ሰዓት ተኩል 70 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም መሆኑን ለሚያውቅ የጤና ባለሙያ፣ የላታ ፍጥነትና መጠን የሚያስደነግጥ አይሆንም። የኮሌራ ሕመምተኛ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ላታ የተረዳው ይህንን ነው፤ ባልደረቦቹ ያልተረዱት ደግሞ የተመለሰው ፈሳሽ እንደገና እንደሚፈስና መተካቱ ተቅማጡ እስኪቆም መቀጠል እንዳለበት ነው።

ሕክምናው ለምን ተረሳ? አንደኛው ምክንያት ከሞት አፋፍ ለደረሱ ብቻ መሰጠቱ ነው፤ የሚሞተው ሲሞት ጥፋቱ ለፈሳሹ ይቆጠራል። ውኃው ንጹሕ አልነበረም፤ ስለ ጀርም ማንም አያውቅም፤ ከበሽታው የተረፈ በደም መመረዝ ሊሞት ይችል ነበር። የላታ የመጀመሪያ ድብልቅ ሲሰላ የሶዲየሙ መጠን ከደም ፕላዝማ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ እንዲህ የቀጠነ ፈሳሽ በብዛት ሲገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል። ላታም በ1833 በሳንባ በሽታ ሞተ፤ ተከራካሪ አልነበረውም። ወረርሽኙ ሲያልፍ ጉዳዩም አብሮ አለፈ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያመዝነው የሕክምና ንድፈ ሐሳቡ ጉድለት ይመስላል፦ ኮሌራ መርዝ ነው፣ መርዝ ደግሞ መውጣት አለበት ብሎ የሚያምን ሐኪም የወጣውን መልሶ ለማስገባት እጁ አይታዘዝለትም። በዚህ ምክንያት ከግማሽ ምዕት ዓመት የበለጠ ጊዜ ባክኗል።

ጨው ማለት ምን ማለት ነው?

በዚህ መካከል ዕውቀቱ በሌላ በኩል እየተጠራቀመ ነበር። ካርል ሽሚት በዶርፓት፣ በዛሬዋ የኢስቶኒያ ከተማ በታርቱ፣ በ1850 ባሳተመው ጥናት የኮሌራ ሕመምተኞችን ደም በጥንቃቄ ተንትኖ፣ ፖታሲየም በደም ሕዋሳት ውስጥ፣ ሶዲየም ደግሞ በፕላዝማው ውስጥ እንደሚበዛ አሳየ። ክሎድ ቤርናር በፓሪስ ሕዋሳት የሚኖሩት በውጭው ዓለም ሳይሆን አካል ራሱ በሚጠብቀው የውስጥ ፈሳሽ ውስጥ መሆኑን አስተማረ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1887 ጨው በውኃ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው አዮኖች እንደሚለያይ የሚያስረዳውን ንድፈ ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ኦሾነሲና ላታ ጨው ሲሉ ዱቄቱን ነበር የሚያስቡት፤ ከዚህ በኋላ ግን ሶዲየምን ከክሎራይድ ለይቶ ማሰብ ተቻለ።

የሲድኒ ሪንገር ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ሪንገር፣ የእንቁራሪት ልብ ከአካል ወጥቶ በምን ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ መምታት እንደሚቀጥል ይመረምር ነበር። በ1882 ባወጣው ጽሑፍ በተራ የጨው ውኃ ልቡ ለረጅም ጊዜ መምታቱን ገለጸ። በኋላ ግን ያ ውኃ የተጣራ ውኃ ሳይሆን ከለንደን የቧንቧ መሥመር የተቀዳ እንደነበር ደረሰበት። በተጣራ ውኃ ሲደግመው ልቡ ወዲያው ደከመና ቆመ። የቧንቧው ውኃ የያዘው ጥቂት ካልሲየም ነበር ልቡን ያንቀሳቅስ የነበረው። ሪንገር የመጀመሪያ ድምዳሜው ስሕተት መሆኑን በ1883 በግልጽ አሳትሞ፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም በተመጣጠነ መጠን አስፈላጊ መሆናቸውን አሳየ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በዚህ ፈሳሽ ላይ ላክቴት ጨመረበት፤ በየሆስፒታላችን በደም ሥር የሚሰጠው ሪንገር ላክቴት ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ነው።

በደም ሥር የሚሰጠው ሕክምና ወደ ኮሌራ የተመለሰው በካልካታ ነው። ሊዮናርድ ሮጀርስ በ20ኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ ዓሥር ዓመት ውስጥ ጨዉ የበዛ ፈሳሽ በደም ሥር እየሰጠ፣ ከመቶ 60 ያህል የነበረውን የሟቾች ቁጥር ወደ 30 ገደማ አወረደው። አንድሩ ሴላርድስ በማኒላ የአሲድ መብዛቱን በባይካርቦኔት ማከም እንደሚገባ በ1910 ካሳየ በኋላ፣ ሮጀርስም ባይካርቦኔት በመጨመር በኩላሊት መድከም የሚሞቱትን ቀነሰ። ኦሾነሲ በ1831 ጠፋ ያለው አልካሊ የተመለሰው ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ፖታሲየም ደግሞ ከዚህም ዘገየ፤ በተቅማጥ በሚታመሙ ሕፃናት ሕክምና ውስጥ ተገቢ ቦታውን ያገኘው በ1940ዎቹ በዳንኤል ዳሮው ጥናቶች ነው።

በአፍ የሚሰጠው ፈሳሽ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መርፌ፣ ንጹሕ ፈሳሽና የሠለጠነ ሰው ባለበት ነው። ኮሌራ የሚበረታው እነዚህ በሌሉበት ነው። በአፍ መስጠት ለምን አልተቻለም? ሩዶልፍ ፊርኮን የመሳሰሉ የፓቶሎጂ ሊቃውንት በሬሳ ምርመራ ላይ ተመሥርተው ኮሌራ የአንጀትን ሽፋን ልጦ እንደሚጥል ያምኑ ነበር። ሽፋኑ ከተላጠ የሚመጥ ነገር የለም ማለት ነው። ዩጂን ጋንጋሮሳና ባልደረቦቹ በ1960 በባንኮክ በሕይወት ካሉ ሕመምተኞች አንጀት ናሙና ወስደው ሽፋኑ ጤነኛ ሆኖ አገኙት። መላጡ ከሞት በኋላ የሚመጣ ለውጥ ነበር። ካልካታዊው ሳምቡ ናት ዴ ደግሞ በ1959 በጥንቸል አንጀት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ቪብሪዮው በሚያመነጨው መርዝ አማካይነት አንጀቱ ፈሳሽ እንደሚያፈስ አሳይቶ ነበር። አንጀቱ አልሞተም፤ ከልክ በላይ ያመነጫል እንጂ።

በዚያው በ1960 ሮበርት ክሬን በፕራግ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ ግሉኮስ ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገባው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው የሚለውን ሐሳቡን አቀረበ። የኮሌራ መርዝ ክሎራይድ ከሕዋስ እንዲፈስ ያደርጋል፤ የግሉኮስንና የሶዲየምን የጋራ በር ግን አይዘጋም። ስኳር ሲገባ ሶዲየም ይከተላል፤ ሶዲየም ሲገባ ውኃ ይከተላል። የገባውን ሶዲየም በሕዋሱ ሌላ ወገን የሚያወጣው ፓምፕ ዴንማርካዊው ዬንስ ስኮ በ1957 በሸርጣን ነርቭ ላይ ያገኘው ነው፤ ለዚህም በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ማንሣት ይቻላል። በአገራችን ሕመምተኛውም ቤተሰቡም በደም ሥር የሚሰጥን ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግን ጨው ነው። ግሉኮስ ሕይወት የሚያድነው በእርግጥ በአፍ ሲሰጥ መሆኑ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው።

ሂደቱ ሳይታወቅ በተግባር የቀደመም ነበር። ሄሜንድራ ናት ቻተርጂ በ1953 በካልካታ ለ186 የኮሌራ ሕመምተኞች በሊትር 4 ግራም ጨውና 25 ግራም ግሉኮስ ያለበት ውኃ ሰጥቶ ውጤቱን በላንሴት አሳተመ። ይሁን እንጂ የገባውንና የወጣውን ፈሳሽ ለክቶ ስላላቀረበ፣ ብዙ የሚያምነው አላገኘም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም ሮበርት ፊሊፕስ በ1962 በማኒላ፣ ግሉኮስ ሲጨመር የጨው ውኃ በኮሌራ ሕመምተኛ አንጀት እንደሚመጠጥ አየ። ቀጥሎ የተደረገው ሰፋ ያለ ሙከራ ግን በሐዘን ተደመደመ፤ ከ30 ሕመምተኞች 5ቱ ሞቱ። የተሰጠው ድብልቅ ጨው የበዛበት ነበር። ፊሊፕስ ከዚያ በኋላ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው፤ በዳካ የነበረውን የኮሌራ ምርምር ማዕከል በመራበት ጊዜም ጥርጣሬው አልለቀቀውም። ጥንቃቄው የሚያስወቅሰው አይደለም። ሐሳቡ ትክክል ነበረ፤ የጎደለው ልኬት ነበረ።

ልኬቱን ያመጡት በዚሁ ማዕከል የነበሩት ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች ናቸው። ሕመምተኞቹ መካከሉ በተቀደደ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ተቅማጡ ከሥር ባለው ባልዲ ይጠራቀምና ይለካል፤ የወጣው መጠን በአፍ ይተካል። በ1968 ነሐሴ በላንሴት በታተመው ጥናታቸው በ29 ሕመምተኞች ላይ በደም ሥር የሚያስፈልገው ፈሳሽ በ80 ከመቶ ያህል መቀነሱን አሳዩ። ዘዴው ግን አሁንም የሠለጠነ ባለሙያ የሚቆጣጠረው፣ በሆስፒታል የታጠረ ነበር።

ያ አጥር የፈረሰው በጦርነት ነው። በ1971 ከምሥራቅ ፓኪስታን፣ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ወደ ሕንድ ከተሰደዱት ወደ ዓሥር ሚሊዮን ከሚጠጉ ሰዎች ብዙዎቹ በድንበር ከተማዋ በቦንጋኦን ዙሪያ ሠፈሩ። የሕፃናት ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሰኔ ወር መጨረሻ ሲደርስ፣ ለኮሌራ ሕመምተኞች የነበረው ሁለት ክፍልና 16 አልጋ ብቻ ነበር። ሕመምተኞቹ በወለሉ ላይ ተኝተው ነበር፤ ለመርፌ ለመንበርከክ በትውከትና በተቅማጥ መካከል መንበርከክ ግድ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በቶሎ ማለቅ ጀመረ።

ማሃላናቢስ የወሰደው ውሳኔ በወቅቱ ከተቀበለው ሥርዓት ውጭ ነበር። በካልካታ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ሠራተኞቹ ጨው፣ ሶዳና ግሉኮስ እየመዘኑ በላስቲክ ከረጢት ያሽጉ ጀመር። ለአንድ ሊትር 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ነበር። ፖታሲየም ሆን ተብሎ ተተወ፤ ድብልቁ በየትኛውም ቦታ በሚገኝና በርካሽ ነገር እንዲሠራ ተፈልጎ ነው። ድብልቁ ቧንቧ በተገጠመለት በርሜል ውስጥ በውኃ ይበጠበጣል። እናት፣ እኅት፣ ወንድም በኩባያ እየቀዱ ሕመምተኛቸው ጥማቱ እስኪቆም ያጠጣሉ። የለካ ነርስ አልነበረም፤ ልኬቱን የሚሰጠው የሕመምተኛው ጥማት ነበር። እስከ ነሐሴ መጨረሻ በነበሩት ሁለት ወራት ከ3700 በላይ ሕመምተኞች ታከሙ። ከመቶ 30 ያህል የነበረው የሟቾች መጠን ይህ ሕክምና በተሰጠበት ቦታ ወደ 3.6 ወረደ።

ሪፖርቱ በ1973 ሲወጣ ሁሉም ወዲያው አልተቀበለውም። ቁጥጥር የሌለበት ሙከራ ነው፣ ያልሠለጠነ ሰው እንዴት ፈሳሽ ይሰጣል የሚሉ ነበሩ። ሥራውን ቦንጋኦን ሄዶ ያየው የዓለም ጤና ድርጅቱ ዲማን ባሩዋ ግን ጠንካራ ደጋፊ ሆነ። ድርጅቱና ዩኒሴፍ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፖታሲየም ያለበትን አንድ ወጥ ድብልቅ ተቀበሉ፤ በ1978 የተቅማጥ በሽታዎች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ላንሴትም በዚያው ዓመት በርእሰ አንቀጹ ግኝቱን በምዕት ዓመቱ ከተገኙት የሕክምና ዕርምጃዎች ምናልባት ዋነኛው ብሎ አሞገሰው። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን በማንኳኳት እናቶችን በሦስት ጣት ቁንጥር ጨውና በአንድ እፍኝ የሸንኮራ ስኳር እንዲበጠብጡ አስተማረ። ለአስተማሪዎቹ የሚከፈለው እናቶቹ ከጊዜ በኋላ ሲጠየቁ ባስታወሱት መጠን ነበር፤ ለጤና ትምህርት እንዲህ ያለ አከፋፈል ብዙ አይገኝም።

ድብልቁ ከዚያ ወዲህም ተለውጧል። በ1984 በባይካርቦኔት ፋንታ በእርጥበት ቶሎ የማይበላሸው ሲትሬት ገባ። በ2002 የድብልቁ ኦስሞላሪቲ ከ311 ወደ 245 ተቀነሰ፤ በአንድ ሊትር ሶዲየም 75፣ ክሎራይድ 65፣ ግሉኮስ 75፣ ፖታሲየም 20፣ ሲትሬት 10 ሚሊሞል ሆነ። በዚህ መጠን የሕፃናቱ ተቅማጥና ትውከት እንደሚቀንስ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የሚፈልጉትም እንደሚያንሱ በጥናት ተረጋግጧል። በ2004 ደግሞ ለሕፃናት ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዚንክ ተጨመረበት።

ሰባተኛው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1970 ነው፤ ቦንጋኦን ገና አንድ ዓመት ይቀራት ነበር። በኋላ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ በሚል ስም በተደጋጋሚ ሲከሰት ግን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በየጤና ኬላው ደርሶ ነበር። ማሃላናቢስ በ2022 በካልካታ ሲሞት ዕድሜው 87 ነበር። በዚያን ጊዜ ከላስቲክ ከረጢቱ የተወለደው እሽግ በየአገሩ በየፋርማሲው ይሸጥ ነበር። 20.5 ግራም የሚመዝነው እሽግ የተሠራው ለአንድ ሊትር ውኃ ነው። በየቤቱ መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው የሃይላንድ ጠርሙስ ግን የግማሽ ሊትርም፣ የአንድ ሊትርም፣ የሁለት ሊትርም አለ። በግማሽ ሊትር የተበጠበጠ እሽግ የሶዲየሙ መጠን በሊትር 150 ሚሊሞል፣ ኦስሞላሪቲውም 490 ይሆናል፤ ይህም የፊሊፕስ ሕመምተኞች ወደጠጡት ዓይነት ጨው የበዛበት ፈሳሽ ያቀርበዋል። በሁለት ሊትር የተበጠበጠው ደግሞ ሶዲየሙ 38 ያህል ብቻ ነው፤ ከላታ የመጀመሪያ ድብልቅ እንኳ የቀጠነ። እሽጉን የሚሰጥ ባለሙያ ከእናቲቱ ጋር ጠርሙሱንም ማየት ያለበት ለዚህ ነው፤ የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል።